አሥራ ዘጠኝ መጻሕፍትና አንድ ወረቀት

ዝናቡ የጀመረው ሐሙስ ሌሊት ነው። ዓርብ ጠዋት ሐጂራ መስኮቱን ስትከፍት ከሕንፃው ሥር መንገድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በቦታው ቡናማ ውኃ ተኝቷል። የቆሙ መኪኖች እስከ መብራታቸው ድረስ ገብተውበታል። ከማዶ ያለው ባለሱቅ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ቆሞበት ውኃውን በመጥረጊያ ከሱቁ ያስወጣል። ባስወጣው ቁጥር ተመልሶ ይገባበታል።

"ሻርጃ ወደብ ሆነች" አለች ሰርካለም ከአልጋዋ ሳትነሣ። "ከእንግዲህ መርከብ ለማየት ጀበል አሊ መሄድ ቀረ።"

ክፍሏ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሰርካለም እዚያው ነው የምትኖረው። ዱባይ ማሪና አንድ ረጅም ሕንፃ ታጸዳለች፤ ዛሬ አውቶቡስ ስለሌለ ቀርታለች። ሐጂራና ራህማ ግን በሰው ቤት የሚያድሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ሐጂራ እዚሁ ሻርጃ፣ ራህማ አጅማን። በወር ሁለት ዓርብ ዕረፍት አላቸው። ለእነዚያ ሁለት ዓርቦች ሲሉ ከሰርካለም ፊት ለፊት ያለውን ተደራራቢ አልጋ በጋራ ተከራይተዋል። ወሩን ሙሉ ባዶውን የሚከርም አልጋ ነው፤ ግን የራሳቸው ነው።

የዓርባቸው ነገር የታወቀ ነው። ሰርካለም በአሮጌው ላፕቶፕዋ ፊልም ትከፍታለች፣ ራህማ ታበስላለች፣ ሐጂራ መጽሐፍ ታመጣለች። መጻሕፍቱ ሽፋናቸው የተገነጠለ የአማርኛ ልብ ወለዶች፣ አገር የገባ ሰው ጥሏቸው የሄደ የእንግሊዝኛ መማሪያዎች፣ ወይም ዱባይ ካራማ ሰፈር ካለ አሮጌ መጽሐፍ ቤት የተገኙ ናቸው። የዛሬው ግን ለየት ያለ ነበር። ሐሙስ ማታ ሐጂራ አንድ ሙሉ ካርቶን ተሸክማ ነው የመጣችው።

ካርቶኑ ውስጥ ያሉት የአሠሪዋ የማዳም እናት መጻሕፍት ነበሩ። ሐጂራ አሮጊቷን አራት ዓመት አጥባለች፣ አብልታለች፣ አስተኝታለች፤ "ትልቋ ማዳም" እያለች ነበር የምትጠራቸው። ሁለት ወር ሆኗቸዋል ካረፉ። ሐሙስ ከሰዓት ማዳም ክፍላቸውን ስታስጸዳ ከቆየች በኋላ መደርደሪያው ላይ ያሉትን መጻሕፍት በጣቷ አሳይታ፣ "ይህን ሁሉ ጣይው። ያላ" አለቻት። ሐጂራ በካርቶን ሞልታ ከግቢው ውጭ ወዳለው ትልቅ የቆሻሻ ገንዳ ወሰደችው። ክዳኑን ከፍታ ቆመች። ከውስጥ የበሰበሰ ሐብሐብ ይሸታል።

መጣል አልቻለችም። አብዛኞቹ የዐረብኛ መጻሕፍት ነበሩ። እሷ ባደገችበት በደሴ ዙሪያ፣ በዚያ ፊደል የተጻፈ ነገር ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም። የሳሙና መጠቅለያ እንኳ ቢሆን፣ የአላህ ስም ሊኖርበት ይችላልና ከመሬት ይነሣል፣ አቧራው ይራገፋል፣ ከግድግዳ ስንጥቅ ይሰካል። ይህን ያስተማራት ሰው ማን እንደሆነ ብትጠየቅ አታውቀውም። ክዳኑን መልሳ ታክሲ ጠራች። ማንንም አላስፈቀደችም፤ የተጣለ ነገር ለመውሰድ ማን ይጠየቃል።

ጠዋት ከቁርስ በኋላ ፊልሙ ተከፈተ። አንድ ሀብታም ልጅ አንዲት ምስኪን ልጅ ይወድዳል፣ እናቱ አሻፈረኝ ትላለች።

"አሁን ዝናብ ይመጣና በሯ ላይ ቆሞ ይበሰብሳል" አለች ሰርካለም።

"አይተሽዋል እንዴ?" አለች ራህማ ሽንኩርት እየላጠች።

"አላየሁትም። ፊልም ላይ ወንድ ካልበሰበሰ ይቅርታ አይደረግለትም።"

ትንሽ ቆይቶ ልጁ በሯ ላይ ቆሞ በሰበሰ። ሦስቱም ሳቁ። ሰርካለም ፊልሙን አቁማ፣ "በቃ የቀረውን እኔ ልንገራችሁ" አለችና ወደ ካርቶኑ ዞረች። ልጁ አፉን እንደከፈተ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አውጥተው ወለሉ ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ደረደሯቸው። አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ቅቤ የነካው የምግብ አሠራር መጽሐፍ አለ፤ የሕፃናት በሽታዎች መጽሐፍ፣ ሦስት የእንግሊዝኛ የፍቅር ታሪኮች፣ የመርከብ ፎቶዎች ያሉበት አንድ ትልቅ፣ የዐረብኛ ግጥሞች፣ ሌሎችም። ትልቋ ማዳም በገጾች መካከል የማያስቀምጡት ነገር አልነበረም። ሴቶቹ እየገለጡ ያገኙትን ለብቻ አኖሩ፤ የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ፣ የፀጉር መርፌ፣ የደረቀ የሬይሓን ቅጠል፣ የአንድ ሕፃን ልጅ ጉርድ ፎቶ።

"ወላሂ፣ ሴትየዋ መሳቢያ አልነበራቸውም እንዴ?" አለች ራህማ።

"መሳቢያው ሩቅ ነበር" አለች ሐጂራ። "መጽሐፉ እጃቸው ላይ ነው።"

ከግጥሙ መጽሐፍ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ያገኘችው ራህማ ናት። በሰማያዊ የብዕር ቀለም ከላይ እስከ ታች በእጅ የተጻፈ ነው። ራህማ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም" አለች። "ዱዓ ነው።"

"ሁሉንም አነበብሽው?" አለች ሐጂራ።

"እኔ የቁርአኑን ፊደል ነው የማውቀው። ይህ ተያይዟል፤ የእነሱ የእጅ ጽሑፍ ያስቸግራል። ግን ይኸው አላህ ይላል። እዚህም። እዚህ ታች ደግሞ ራሕማ ይላል፤ የራሴ ስም ይጠፋኛል እንዴ?" ወረቀቱን ግንባሯ ላይ አስነካችው። ከዚያ ሐጂራን ቀና ብላ አየቻት። "አሁንም እንቅልፍ አይወስድሽም?"

ሐጂራ ራሷን ነቀነቀች። አሮጊቷ ካረፉ ጀምሮ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሷን ይጠሩበት የነበረውን ደወል እየሰማች ትነቃለች። ደወሉ ከእሳቸው ጋር ከክፍሉ ወጥቷል፤ እሷ ግን ትሰማዋለች። ነቅታ እስኪነጋ ትቀመጣለች።

"አባቴ" አለች ራህማ፣ "እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲመጣበት በእንጨት ሰሌዳው ላይ የቁርአን አያ ይጽፍና ቀለሙን በውኃ አጥቦ ያጠጣው ነበር። ስንቱ ድኗል። ይኸው ያንቺ በእግሩ መጣልሽ፤ ያውም ከእሳቸው መጽሐፍ።"

"ሆድ ይቆርጣል" አለች ሰርካለም።

"አንቺ ጸበል ስትጠጪ ምን አልኩሽ?"

"ጸበል ሰማያዊ አይደለም።"

"ዝም በይ። ሐጁ፣ ነጩን ጎድጓዳ ሳሕን አምጪልኝ።"

ራህማ እጅ እግሯን ታጥባ ውዱእ አድርጋ መጣች። ወረቀቱን ሳሕኑ ውስጥ ዘርግታ ንጹሕ ውኃ አፈሰሰችበት። ቀለሙ መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ መስመር ቀጭን ክር እየሆነ ተነሣ። ራህማ በጣቷ ጫፍ ቀስ አድርጋ ታሻለች፤ የምታውቃቸውን አያዎች በቃሏ ትቀራለች። ውኃው ቀስ በቀስ ፈዛዛ ሰማያዊ ሆነ። በብርጭቆ ገልብጣ ለሐጂራ ሰጠቻት።

"ቢስሚላህ በይና ጠጪ። አታስተርፊ።"

ሐጂራ በሦስት ትንፋሽ ጠጣችው። ብረት ብረት ይላል፤ መጨረሻው ትንሽ ይመርራል። ራህማ ባዶውን ወረቀት በፎጣ ላይ ዘርግታ ፍሪጁ አናት ላይ አኖረችው። "ሲደርቅ ሰው የማይረግጠው ቦታ እንቀብረዋለን" አለች። ሰርካለም ፊልሙን ልትቀጥል እጇን ዘረጋች።

ስልኩ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ማዳም ናት። በዕረፍት ቀን ደውላ አታውቅም።

"ካርቶኑ የት ነው?" አለች ማዳም ያለ ሰላምታ።

"የቱ ካርቶን፣ ማዳም?"

"የእናቴ መጻሕፍት። የበሩን ካሜራ አይቼዋለሁ። ታክሲ ውስጥ ከትተሽዋል።"

"ጣይው ስላሉኝ ነው። ቆሻሻ ውስጥ መጣል ከበደኝና…"

"ስሚኝ። እኅቴ ትናንት ማታ ከአል ዐይን መጥታለች። አባታችን ሕንድ አገር ሆስፒታል ሳለ የጻፈው ደብዳቤ አለ። መጨረሻ የጻፈው ነው። እናቴ ከመጽሐፎቿ በአንዱ ውስጥ ነበር የደበቀችው፤ እኔ አላውቅም ነበር፤ ለእኅቴ ነው የነገረቻት። አሁን እያንዳንዱን መጽሐፍ እየገለጥሽ ቪዲዮ አንሥተሽ ላኪልኝ። ደብዳቤው ካለ ይዘሽው ትመጫለሽ፣ ኸላስ፣ በቃ። ከሌለ ዛሬውኑ ሹርጣ እሄዳለሁ፤ ለፖሊስ እከስሻለሁ። እኅቴ ሌባ ናት እያለችሽ ነው።"

ከጀርባዋ የሌላ ሴት ድምፅ ይሰማል፤ ያለቅሳል ወይም ይቆጣል። ስልኩ ተዘጋ።

ሐጂራ ስልኩን እንደያዘች ፍሪጁን አየች። ሌሎቹ ዐረብኛውን ሰምተዋል፤ መተርጎም አላስፈለገም። ራህማ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ደብዳቤም በቢስሚላህ ይጀምራል" አለች ራህማ ቀስ ብላ። "ያ ረቢ። እነሱ ሁሉን በቢስሚላህ ነው የሚጀምሩት።"

የሦስቱም ሐሳብ አንድ ቦታ ሄዷል፣ ሁዳ ጋ። ሁዳ ከዚህ በፊት በዚያው አልጋ ላይ ታርፍ የነበረች ልጅ ናት። ቀለበት ሰረቀች ተብላ አራት ወር ታሰረች። በኋላ ቀለበቱ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ተገኘ። ግን አሻራዋ ተነሥቶ ነበርና አገሯ ሸኟት። ሐጂራ ከታሰረች ነገሩ በአራት ወር የሚያልቅ አይደለም፤ የእሷ ቀለበት ከየትም ጀርባ አይገኝም።

መጀመሪያ የተነሣችው ሰርካለም ናት።

"ጣሪያው አፍስሷል" አለች።

"ምን?"

"ዛሬ ሻርጃ ውስጥ ጣሪያው ያላፈሰሰ ሰው አለ? ካርቶኑ ከመስኮቱ ሥር ነበር፣ ሌሊት ዝናብ ገባ፣ መጻሕፍቱ በሰበሱ፣ ደብዳቤውም በሰበሰ። ይኸው፣ ቀለሙ የለም። ማንን ትከሳለች? ሰማይን?"

"መጻሕፍቱ ደረቅ ናቸው" አለች ሐጂራ።

"እሱን ለእኔ ተዪው።"

"እኔ ነኝ ያጠብኩት" አለች ራህማ። "እኔ እነግራታለሁ።"

"ምን ብለሽ? የሞቱ ሴትዮ ወረቀት በውኃ አጥበን ጠጣነው ብለሽ?" ሰርካለም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ክፍሉን ከጎረቤት የሚለየው ስስ ሰሌዳ ነው። "እታለም፣ ይህን ምን እንደሚሉት አታውቂም? ሲሕር ነው የሚሉት። ድግምት። ሌባ የተባለ ሰው ይፈታል። በድግምት የተያዘች ሠራተኛ ስትፈታ አይቻለሁ የሚል ሰው አምጪልኝ።"

ራህማ እውነት መሆኑን ታውቃለች። አጅማን የምትሠራበት ቤት ትራስ ሥር አንድ ክር ተገኝቶ፣ ቤቱ በሙሉ ሦስት ቀን በዓይን ሲከታተላት ከርሟል።

ስልኩ አንዴ ጮኸ። መልእክት ነው። *ቪዲዮው የታለ።*

"እሺ" አለች ሐጂራ። "አድርጊው።"

ሰርካለም መስኮቱን ከፈተችው። ዝናቡ በጎን እየመታ ገባ፤ መጋረጃው ወዲያው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። የምግብ አሠራሩን መጽሐፍ አንሥታ ገልጣ ወደ ውጭ ያዘችው። ገጾቹ መጀመሪያ ተርገበገቡ፤ ከዚያ ከበዱና ዝም አሉ። ሐጂራ እያቀበለቻት ነበር። ከምግቡ ቀጥሎ እጇ ላይ የመጣው የግጥሙ መጽሐፍ ነው።

ትልቋ ማዳም በመጨረሻው ዓመት ጣታቸው አልታዘዝ ብሎ ገጽ መግለጥ አቅቷቸው ነበር። ሐጂራ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ እሳቸው ያነባሉ፤ ሲጨርሱ "ግለጪልኝ" ይላሉ፤ ትገልጣለች። ምን እንደሚል አታውቅም። አንዳንዱ ስንኝ ላይ ግን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን ብለው ከሥሩ ያሰምሩበታል። መስመሮቹ በዓይን አይታዩም፤ ጣት ሲያልፍባቸው ነው የሚታወቁት።

"አቀብዪኛ" አለች ሰርካለም እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ፊቷን ዝናቡ እያጠባት።

"ይበቃል።"

"አንድ ብቻ በስብሶ አሥራ ስምንቱ ደረቅ ይሆናል? ማን ያምንሻል?"

"ይበቃል አልኩሽ፣ ሰርኬ። ዝጊው።"

"እኔ ለማን ብዬ ነው የምበሰብሰው?"

"ለእኔ ነው። አውቃለሁ። ዝጊው።"

ሰርካለም መስኮቱን ዘጋችና ውኃ እየተንጠባጠበባት ቆመች። "አብደሻል" አለች። "ለጥቂት የዐረብ ወረቀት ብለሽ እስር ቤት ልትገቢ ነው።" የበሰበሰውን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ጥላ ፎጣ ፍለጋ ዞረች። አንዱ ፎጣ ፍሪጁ ላይ ነው፤ እሱን አልነካችውም።

ሐጂራ ቪዲዮውን አነሣች። በግራ እጇ ስልኩን ይዛ በቀኟ እያንዳንዱን መጽሐፍ ገለጠች። ውስጣቸው የተገኙትን ደረሰኞች፣ የፀጉር መርፌውን፣ ፎቶውን አሳየች። በስብሶ ያበጠውንም አሳየች። መጨረሻ ላይ ፍሪጁ ጋ ሄዳ ባዶውን ወረቀት አነሣችው። ላከችው።

መልሱ በድምፅ መጣ። "መጨረሻ ያሳየሽኝ ነጭ ወረቀት ምንድን ነው?"

ሐጂራ ቁልፉን ተጭና፣ "ማዳም፣ በስልክ አልችልም። ፊት ለፊት እነግርዎታለሁ" አለች።

ከዚያ አንድ መስመር መጣ፦ *ያለሽበትን ቦታ ላኪ።*

ከዚያ በኋላ የነበረው ሁለት ሰዓት የማያልቅ ነበር። ራህማ ሰገደች፤ ከሰገደች በኋላ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ወጡ አረረ፤ ማንም አልበላም። አንዴ መብራት ጠፍቶ መጣ። ሰርካለም ከአልጋዋ ሥር የቆሻሻ ከረጢት ጥቅል አወጣች፤ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ በሁለት ሁለት ከረጢት ጠቀለለች፣ አፋቸውን አሠረች። ለወረቀቱ ደግሞ የራሷን ሰነዶች የምታስቀምጥበትን ባለ ዚፕ ላስቲክ ባዶ አድርጋ ሰጠች።

"ሹርጣ ይዛ ብትመጣስ?" አለች በመጨረሻ።

"ይዛ ከመጣች ከነሱ ጋር እሄዳለሁ።"

"አብሬሽ እወርዳለሁ" አለች ራህማ።

"አትወርጂም።"

"ሐጁ፣ ያጠጣሁሽ እኔ ነኝ። አብሬሽ እወርዳለሁ።"

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከታች ጡሩምባ ተሰማ። ከፍ ያለ ነጭ መኪና ውኃውን እየቀደደ መጥቶ በሩ ፊት ቆሟል። የሚነዳው የቤቱ ሾፌር አዩብ ነው፤ ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጣ ጸጥተኛ ሰው። ከኋላ ማዳም ብቻዋን ተቀምጣለች። ከእሷ ሌላ ሰው አለመኖሩን ሐጂራ ሁለት ጊዜ አየች።

የደረጃው የመጨረሻ ሦስት እርከኖች ውኃ ውስጥ ናቸው። ሐጂራ ላስቲኩን ከጭንቅላቷ በላይ ይዛ ገባች። ውኃው ጉልበቷን አለፈ፤ ቀሚሷ ተንሳፈፈ። ራህማ ደረቁ እርከን ላይ ቀረች። የመኪናው መስኮት ወረደ።

ማዳም አልተቀባባችም። ሐጂራ እንዲህ አይታት አታውቅም፤ እናቷ የሞቱ ቀን እንኳ።

"የት ነው?"

ሐጂራ ላስቲኩን ሰጠቻት። ማዳም ዚፑን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች፣ ዘረጋችው፣ ገለበጠችው፣ ወደ ብርሃኑ አቀናችው። አንድ ጥግ ላይ እንደ ደም ሥር የቀጠነ ሰማያዊ ነገር ቀርቷል። ከዚያ በቀር ምንም የለም።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ደብዳቤው ነው፣ ማዳም።"

"ጽሑፉስ?"

"ጠጣሁት።"

አዩብ በመስታወቱ አየና ዓይኑን ወዲያው መለሰ።

ሐጂራ ነገረቻት። ዐረብኛዋ የኩሽናና የሕመምተኛ ዐረብኛ ነው፤ ልትለው ለፈለገችው ሁሉ ቃል አልነበራትም። ሌሊት እንደማትተኛ፣ ደወሉን እንደምትሰማ፣ ቢስሚላሁን አይተው ዱዓ እንደመሰላቸው፣ ነጩን ሳሕን፣ ውኃውን። ስትጨርስ ከጀርባዋ ራህማ፣ "የሰጠኋት እኔ ነኝ። እሷ አላወቀችም" አለች፤ ድምፅዋ ደረጃው ውስጥ አስተጋባ።

ማዳም ለራህማ አልመለሰችም። "ይህን ለሹርጣ ብነግር ምን እንደሚሉሽ ታውቂያለሽ?" አለች ሐጂራን።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝናብ አበላሸው አላልሽኝም? ዛሬ ከተማው ሁሉ ዝናብ ነው የሚለው። አምንሽ ነበር።"

"መጽሐፎቹ ደረቅ ናቸው" አለች ሐጂራ። ቀጥላም፣ "አንዱን ግን እኛ ነን ያበሰበስነው። የምግቡን። እንደዚያ ልንል ነበር።"

ማዳም ወረቀቱን ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ደጋግማ ዳበሰችው።

"አያቴ" አለች፣ ለሐጂራ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ፣ "ትኩሳት ሲይዘን በነጭ ሳሕን ላይ በዘዕፈራን፣ በዚያ ቢጫ ቅመም፣ ትጽፍና በጽጌረዳ ውኃ አጥባ ታጠጣን ነበር። ልጆች ሆነን ኮርፋካን ከተማ ሳለን። እናቴ ትቆጣት ነበር፤ እኛ ግን ሽታውን እንወድደው ነበር።" እንደገና ወረቀቱን አየችው። "ግን ያ ቁርአን ነው።"

"አዎ፣ ማዳም።"

"ይህ አባቴ ነው።"

"አዎ።"

የመኪናው ስልክ ጮኸ። በመኪናው ድምፅ ማጉያ ስለሆነ ሁሉም ሰማው። ማዳም ቁልፉን ተጫነች፣ የእኅቷ ድምፅ መኪናውን ሞላው።

"አገኘሻት? ሰርቃዋለች፣ አይደለም? አልነገርኩሽም?"

የመስታወቱ መጥረጊያ ሄዶ ተመለሰ። ሐጂራ ማዳምን አላየችም፤ የበሩን እጀታ ነበር የምታየው። መጥረጊያው ሌላ ጊዜ ሄዶ ተመለሰ።

"አልሰረቀችም" አለች ማዳም። "ጣይው ያልኳት እኔ ነኝ። አንዱንም ሳልገልጥ ነው ያስወጣሁት።"

"ደብዳቤውስ?"

"የለም። እኔ ነኝ የጣልኩት።"

ከወዲያ ድምፁ ከፍ አለ፣ ተሰባበረ፣ ማዳም ግን አጠፋችው። ወደ ሐጂራ ዞረች።

"የቱ መጽሐፍ ውስጥ ነበር?"

"ግጥሙ።"

"አምጪልኝ። ሌሎቹንም።"

ሰርካለም ካርቶኑን እስከ ደረጃው ድረስ አውርዳው ነበር። ራህማ እያቀበለች፣ ሐጂራ በውኃው ውስጥ እየተመላለሰች፣ አዩብ በፊት መስኮት እየተቀበለ ጫኑት። የግጥሙን መጽሐፍ ሐጂራ በእጇ ለማዳም ሰጠች። ማዳም ሁለቱን ከረጢቶች ፈታች፣ ባዶውን ወረቀት በአራት አጠፈችው፣ መሀል ከፍታ ውስጡ አኖረችው። መጽሐፉን ጭኗ ላይ ያዘችው።

"ነገ እንዳትመጪ" አለች።

ሐጂራ የበሩን እጀታ ያዘች።

"ክስ የለብሽም። ቪዛሽን በሰላም አሰርዛለሁ። ውኃው ሲጎድል አዩብ ሻንጣሽንና ፓስፖርትሽን ያመጣልሻል። ግን አትመጪ። ከእንግዲህ ከእጅሽ አንድ ብርጭቆ ውኃ ተቀብዬ መጠጣት አልችልም።" በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። የሰውነቷን አንድ ሕመም እንደምታስረዳ ሰው ነበር።

"እሺ፣ ማዳም" አለች ሐጂራ።

መስኮቱ ወጣ። መኪናው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተመልሶ ዞረ፤ የገፋው ማዕበል መጥቶ ወገቧን መታት።

ሰርካለም በደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆማ ነበር። "ሹርጣ?" አለች።

"የለም።"

"ሥራውስ?"

"እሱም የለም።"

ሰርካለም ግድግዳውን ተደገፈች። "እኛ ሕንፃ ሰው ያስፈልጋቸዋል" አለች። "ሱፐርቫይዘሯን ቅዳሜ አናግራታለሁ። ክፉ ናት፤ ግን ቪዛ ታወጣለች።"

"ኤጀንሲም እጠይቃለሁ" አለች ሐጂራ።

ራህማ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሐጂራን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። "በእኔ ምክንያት" ብላ ጀመረች፣ አልጨረሰችውም።

"አብሽሪ፣ አይዞሽ እታለም" አለች ሐጂራ። "አስበሽልኝ ነው።"

ይህን ስትል ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። ከራህማ በታች ባለው እርከን ላይ ቆማ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ለመጭመቅ ሞከረች፤ ጨርቁ ከብዶ ከእጇ እያመለጠ አስቸገራት። ራህማ ተነሥታ ሌላውን ጫፍ ያዘች። አንዷ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ወደ ግራ ጠመዘዙት፤ ውኃው እየወረደ እርከን በእርከን ወደ ታች ሄደ።